ድልድይ በሌለበት አገር የመኪና አፍንጫ

ዛሬ ከሐዋሳ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሾፌር ዲላን የሚያውቃት ምሳ የሚበላባት ከተማ አድርጎ ነው። እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ዲላ መንገድ የሚያልቅባት ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ በሚወስደው መስመር ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው መንገድ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው የበጋ መንገድ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጌታው ወንዙና ጭቃው ነው። የይርጋጨፌና ከዚያ በታች ያለው አገር ቡና ዲላ ላይ እየተራገፈ፣ እየተሸጠ፣ እንደገና እየተጫነ ያልፍ ነበር። እንዲያውም ዲላን ያሳደጋት የመንገዱ መቋረጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጌዴኦ ምድር ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በአጭር ርቀት ወደ አባያ ሐይቅ ዝቅታ ይወርዳል። ጊዳቦና ገላና ወደዚያው ሐይቅ ይፈሳሉ። ቁልቁለቱ ብርቱ ስለሆነ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ታች ሲደርስ ጊዜ አይወስድም። ቆላው ላይ ፀሐይ እየወጣች ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሾፌር የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ከመኪና በፊት እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያውቀው ሲራራ ነጋዴ ነው። በቅሎ ውሃ ስትገባ አንገቷን ቀና አድርጋ አፍንጫዋን ከውሃው በላይ ትይዛለች፤ ማንም አላስተማራትም። መኪና ግን አፍንጫው ፋብሪካ ያስቀመጠለት ቦታ ላይ ነው። በብዙ የድሮ መኪኖች ይህ ቦታ ኮፈኑ ሥር፣ ከጎማው ብዙም ከፍ ሳይል ነበር።

ናፍጣ ሞተር ውሃ ውስጥ ከቤንዚን ሞተር ይሻላል። ቤንዚን በካንዴላ ብልጭታ ስለሚነድ ሽቦው ሲረጥብ ቀጥ ይላል። ናፍጣ አየሩን አምቆ በማጋል ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል ከተነሳ በኋላ ብልጭታ አያሻውም፤ የሚፈልገው አየር ነው። ታዲያ በአየር ፋንታ ውሃ ከሳበ ምን ይሆናል? አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። አንድ ሊትር የሚይዝና አየሩን 17 እጥፍ የሚያምቅ ሲሊንደር ብንወስድ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሲኒ መሆኑ ነው። ከዚያ ያለፈ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፤ ቢየላው ይጣመማል ወይም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳል። ስንት ኩንታል የሚጎትት ሞተር በአንድ ሲኒ ውሃ ይሞታል።

መፍትሔው ለወሬ ቀላል ነው፦ ፊልትሮው አየር የሚስብበትን አፍ በቱቦ እስከ ጣሪያ ማውጣት። ሥራው ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የጎማ ቱቦ ላይ አንዲት ስንጥቅ ካለች፣ ላይ የተሰቀለው ቧንቧ ጌጥ ብቻ ነው። ቱቦው ከጠበበ ደግሞ ሞተሩ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ያበዛል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ፊልትሮው ሥር ያለችው የውሃ ማውጫ ቀዳዳ መደፈን አለባት። ማራገቢያው ውሃውን ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ ቺንጊያው ይፈታል ወይም ከፊት ሸራ ይታሰራል። ዲፈረንሻሉም ይተነፍሳል፦ ሞቆ ቆይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ውሃ ይጠጣል። ሾፌሩ በሰላም ተሻገርኩ ብሎ ሲሄድ ዘይቱ ወተት መስሎ ይቆየዋል።

ይህ ቱቦ በዓለም የታወቀበት ስሙ ስኖርክል ነው፤ ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን መነሻውም ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነው። ጀርመኖች ሐሳቡን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1940 ሆላንድን ሲይዙ ከሆላንድ ባሕር ኃይል መርከቦች ነበር። በሰኔ 1944 ኖርማንዲ ላይ የወረዱት የአጋር አገሮች ታንኮችና መኪኖችም የአየር መሳቢያቸው በቆርቆሮና በቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሽቦዎቻቸው በማሸጊያ ተለብጠው ነው ባሕሩን አቋርጠው የወጡት። ከኬንያ ወደ ዲላ በሚያመጣው መስመር ላይ ግን ጦር ኃይል በውሃ የተፈተነው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በየካቲት 1941 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሜጋን ከጣሊያን ሲይዝ፣ ደረቅ ነው በተባለው ቦረና ላይ የወረደው ዝናብ መኪኖቹን ጭቃ ውስጥ ተክሏቸዋል።

የኖርማንዲው ወታደር ደረቅ አሸዋ ላይ ሲወጣ ቱቦውን ፈትቶ ጣለው። ከዲላ በታች ለሚሠራ የጭነት መኪና እንዲህ ያለ ደረቅ ዳርቻ አልነበረውም፤ ማዶው ሌላ ወንዝ ነው።

መንግሥት መንገድን ችላ ብሎ ነበር ማለት አይቻልም። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ተበዳሪ ነበረች። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ቅድሚያ የተሰጠው ግን ጣሊያን ሠርቷቸው የፈራረሱትን ዋና ዋና መስመሮች መጠገን ነበር። የደቡቡ መስመር ተራው እስኪደርሰው ድረስ የድልድዩን ሥራ መኪናው ይሥራ ተባለ።

ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው? ባለመኪናው የሞተሩን ስብራትና ወንዝ ዳር ያደረበትን ቀን በጭነት ዋጋ ላይ ይጨምራል። ነጋዴው የጭነቱን ዋጋ ከቡናው መግዣ ይቀንሳል። ገበሬው የሚቀንስበት ሰው የለውም። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ የተነሳው የጌዴኦ ገበሬ ጥያቄው የመሬትና የባለመሬቶች በደል እንጂ መንገድ አልነበረም። ሆኖም ከቡናው ላይ ስንት እጅ ይወሰድ እንደነበር የሚቆጥር ሰው የወንዙንም ድርሻ ቢያስገባ ጥሩ ነው።

ዋናው መንገድ ከዲላ አልፎ መቀጠሉ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ያውም በዚያው ዘመን የታጠበ ቡና መጣ። ጀንፈል ታጋሽ ነው፤ ወንዙ እስኪጎድል ሁለት ሦስት ቀን ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። እሸት ቡና ግን በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ መብላላት ይጀምራል፣ ደረጃውም ይወርዳል። የቸኮለው ጭነት ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቀበሌ መንገዶች ገባ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን ከመንገድ አገናኝቷል። ይሁንና በኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ መሀሉ ላይ ያለችውን አንዲት መሻገሪያ ይደብቃል። 20 ኪሎ ሜትር ተሠርቶ 15 ሜትር ድልድይ ከቀረ፣ ጎርፍ ባለበት ቀን መንገዱ የለም።

አሁን ያሉት ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ አየር የሚስቡት ከጋቢናው ኋላ፣ ከላይ ነው። ላንድ ክሩዘሮቹም ቱቦውን ገጥመው ይታያሉ። አደጋው ያለው ይህ የሚሰጠው ድፍረት ላይ ነው። ቱቦው ሞተሩን ያድናል፤ መኪናውን ከጎርፍ አይዘውም። ከታች 10 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መኪና ውሃው በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለበት ቁጥር እስከ አንድ ቶን ሊቀልል ይችላል። ባዶ አይሱዙ ከተጫነው ቀድሞ ይንሳፈፋል፣ ከተንሳፈፈ ደግሞ ወንዙ ነው የሚነዳው። ነገሩ የገባው ሾፌር ዛሬም ቱቦውን አምኖ አይገባም። መጀመሪያ ረዳቱ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ በዱላ መሬቱን እየነካ ይገባል። ውሃው ከጉልበቱ አልፎ መግፋት ከጀመረ ይመለሳል፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል፣ እሸት ቡናው ካሶኒው ላይ እየሞቀ።