መልክዓ ቋንቋ፦ የነገሌ ታፔላዎች ምን ይላሉ?

ከነገሌ ቦረና መናኸሪያ ወጥቶ ወደ ገበያ የሚያቀና ሰው ሳያስበው ብዙ ያነባል። የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ፣ የባንክ ታፔላ፣ ከሞባይል ጥገና ቤት መስኮት ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ባጃጁ ከኋላው ይዞት የሚሮጠው ጥቅስ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ተራ ነገር ነው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ስም ሊወጣላቸው ይገባል። የሥነ ልሳን ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ "ሊንጉዊስቲክ ላንድስኬፕ" ይሏቸዋል። በአማርኛ "መልክዓ ቋንቋ" ብንላቸው እመርጣለሁ።

ስያሜውን ያስፋፉት ሮድሪግ ላንድሪና ሪቻርድ ቡርሂስ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ። እንደ እነሱ አገላለጽ የመንገድ ምልክት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የጎዳናና የቦታ ስም፣ የሱቅ ታፔላ፣ በመንግሥት ሕንፃ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድን አካባቢ መልክዓ ቋንቋ ይሠራሉ። ጽሑፉ ከካናዳ መውጣቱ አይገርምም። በካናዳዋ ኩቤክ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የንግድ ታፔላ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲሆን አዝዞ ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 እ.ኤ.አ. ክልከላው መብት ይጥሳል ተብሎ ተፈረደ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ሕጉ ላላና ፈረንሳይኛው ጎልቶ እስከታየ ድረስ ሌላ ቋንቋም ተፈቀደ። ሰው ለታፔላ እስከዚያ ድረስ ከተሟገተ ታፔላው ከዕቃ ማስተዋወቅ ያለፈ ሥራ አለው ማለት ነው። ሁለቱ ምሁራን ይህን ሥራ ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው መረጃ መስጠት ነው፦ እዚህ ቤት በየትኛው ቋንቋ ብጠይቅ መልስ አገኛለሁ? ሁለተኛው ተምሳሌትነት ነው፦ ይህ ቦታ ማንን የራሴ ይላል?

በኢትዮጵያም ጥናቱ ተጀምሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁር የነበሩት፣ ኋላም በሚኒስትርነት ያገለገሉት ሂሩት ወልደማርያም ከኖርዌይዋ ተመራማሪ ኤልዛቤት ላንዛ ጋር ሆነው የመቀሌን ጎዳናዎች አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ጥናቱ የክልሉ ቋንቋ የሥራ ቋንቋ ከሆነ በኋላ ትግርኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በከተማዋ ታፔላዎች ላይ እንዴት ቦታ እንደተካፈሉ ይተነትናል። ስለ አዲስ አበባም ተከታትለው ጽፈዋል። እኔ ግን ሳነበው ልቤ ወደ ደቡብ ሄደ።

ነገሌ በየዘመኑ ስሟ በሌላ እጅ የተጻፈባት ከተማ ናት። በጥር 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማዋን ያዘ፤ የጦሩ አዛዥ ግራዚያኒም በላቲን ፊደል የተጻፈ "የነገሌ ማርኪስ" የሚል ማዕረግ አገኘ። ከዚያ በኋላ ነገሌ የጦር ሠፈር ሆነች፤ በጥር 1966 ዓ.ም. ወታደሩ በምግብና በውሃ ምክንያት ያመጸባትና ለአብዮቱ መንገድ የከፈተባት ያቺው ነገሌ ናት። ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና ጸሐፊው በአማርኛ ሲጽፉ ኖሩ። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ሲወሰን ታፔላው ተቀየረ፣ መማሪያው ተቀየረ፣ የልጅና የአባት የአጻጻፍ ፊደልም ተለያየ። ነገሌ የጉጂ ዞን መቀመጫ ሆና ቆየች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲሱ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ እንድትሆን ተወሰነ። ውሳኔው ተቃውሞ ማስነሳቱ ይታወሳል። በአንድ ሰሌዳ ላይ የአንድ ዞን ስም ሲለወጥ ለሩቅ ሰው ቀለም ነው፤ ለነዋሪው ግን የማን ነኝ የሚለው ጥያቄ ነው። "ተምሳሌትነት" የሚለውን ደረቅ ቃል እኔ የተረዳሁት በዚህ ነው።

አንድ የቆርቆሮ በር ላሳያችሁ። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ በላዩ በነጭ የቁቤ ጽሑፍ አለ፣ "ማና ኛታ" ይላል፤ ምግብ ቤት ማለት ነው። ፀሐይ ቀለሙን ከበላው ጥግ ላይ ግን ከሥር የነበረው የአማርኛ "ም" እና "ብ" ብቅ ብለዋል። ሥራው ያው ነው፤ የሚበላውም ያው ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱ ደንበኛው እየተለወጠ መምጣቱን አይቶ ቀባው፣ ወይም ታዝዞ ቀባው፤ ከበሩ ላይ ይህን ማወቅ አይቻልም። የመልክዓ ቋንቋ አጥኚዎች ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጽሑፍና ከታች የሚበቅል ጽሑፍ ብለው የሚለዩት ለዚህ ነው። የመንግሥት ሰሌዳ ሥርዓት አለው፦ አፋን ኦሮሞው ከላይ፣ አማርኛው ቀጥሎ፣ እንግሊዝኛው ከሥር። የሱቅ ታፔላ ግን ገዥውን ይከተላል። ለዚህ ነው "ቡቲክ"ና "ጁስ ቤት" በፊደል፣ የአማርኛ ስም ደግሞ በላቲን ተጽፎ የምናገኘው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በነገሌ ገበያ የሚሰማው ሶማሊኛ በ1965 ዓ.ም. በሶማሊያ የላቲንን ፊደል ይዟል፣ አፋን ኦሮሞም የላቲንን ይዟል። ፊደሉን በዓይን ያየ ሰው ሁለቱ የሚግባቡ ይመስለዋል። ነገር ግን "ኤክስ" የተባለችው ፊደል በቁቤ "ጥ" ሆና ትነበባለች፣ በሶማሊኛ ደግሞ ከጉሮሮ የምትወጣዋን "ሕ" ትወክላለች። "ሲ" በቁቤ "ጭ" ናት፣ በሶማሊኛ የዐረብኛው ዓይን ናት። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቅርጽ፣ ሁለት ልጆች ሁለት ድምፅ ያነባሉ፤ እንግሊዝኛ የተማረው ሦስተኛው ደግሞ ሌላ። የእኛ ቤትም እንደዚሁ ነው፦ እኔ ለታናሽ ወንድሜ በፊደል እጽፍለታለሁ፣ እሱ በቁቤ ይመልስልኛል፣ አንዳችንም ቋንቋ የቀየርን አይመስለንም።

አሁን ወደ ከብት ገበያው እንሂድ፤ መልክዓ ቋንቋ የሚለው ሐሳብ ጉድለቱ የሚታየው እዚያ ነውና። ፍየሉ፣ ግመሉና በሬው በቆመበት አቧራ ውስጥ ታፔላ የለም። ደላላው ከቦረናው ጋር በአፋን ኦሮሞ ይጀምራል፣ ከምሥራቅ ለመጣው ነጋዴ በሶማሊኛ ይቀጥላል፣ ጭነቱን ለሚወስደው የኢሱዙ ሾፌር በአማርኛ ይጨርሳል። በሶማሌ ደላሎች ዘንድ ደግሞ ዋጋው በቃል አይወጣም፤ ሁለት ሰዎች እጃቸውን በነጠላ ወይም በሽርጥ ሸፍነው በጣት ይነጋገራሉ። ያን ገበያ ፎቶ አንስቶ የጽሑፍ ቋንቋዎቹን የቆጠረ ሰው ባዶ ወረቀት ይዞ ይመለሳል። በግመሉ ጭን ላይ በጋለ ብረት የታተመውን የጎሳ ምልክት ግን ሶማሌው "ሱማድ" ብሎ ይጠራዋል፣ አይቶም የማን ግመል እንደሆነ ይናገራል። በሕዝብ ፊት የሚነበብ ምልክት ከሆነ፣ ባለቤትነትን ከነገረ፣ ከሱቅ ታፔላ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ለእኛ ቆላ ከተሞች ትርጓሜው መስፋት አለበት ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ከነገሌ ወደ ፊልቱ ሲኬድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሶማሌ ክልል ሲገባ ሰሌዳው ላይ ሶማሊኛው ቀዳሚ ይሆናል፤ ነገሌ ላይ ጆሮ ብቻ ያገኘው የነበረ ቋንቋ ፊልቱ ላይ ዓይንም ያገኘዋል። የሚሰማና የማይጻፍ ቋንቋ ያለበትን ከተማ ታፔላው ብቻ አይገልጸውም፤ ስለዚህ አጥኚው ያየውን ከሰማው ጋር ማነጻጸር አለበት።

ስያሜውን በተመለከተ "የቋንቋ ገጽታ" የሚሉ አሉ። ችግሩ "ገጽታ" ብዙ ነገር መሆኑ ነው፤ የሀገር ገጽታ ግንባታ ከሚለው ጋር ተደባልቆ የቋንቋው ባሕርይ ያስመስለዋል። "መልክዓ ምድር" ግን ማንም ተማሪ የሚያውቀው ነው፤ ተራራውን፣ ሸለቆውንና ሜዳውን አንድ ላይ ይዞ እንደሚያሳይ "መልክዓ ቋንቋ"ም በዓይን የሚታየውን ጽሑፍ አንድ ላይ ይዞ ያሳያል። በግዕዝ "መልክዕ" የሚባለው ድርሰትም ቅዱሱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እያንዳንዱን ክፍል በስም እየጠራ ያወድሳል፤ ከተማንም በዚሁ ትዕግሥት፣ ታፔላ በታፔላ ማንበብ ይቻላል። አገባቡ ቀላል ነው፦ "የነገሌ መልክዓ ቋንቋ ከ1984 ወዲህ ተለውጧል" እንላለን። አንድ ሰሌዳ ብቻውን መልክዓ ቋንቋ አይባልም፤ ታፔላ ነው።

ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ገንዘብ አያስፈልገውም። ሦስት መንገድ መርጦ ታፔላዎቹን በስልኩ ያንሳ፤ የትኛው ቋንቋ ከላይ እንዳለ፣ የትኛው በትልቁ እንደተጻፈ፣ ማን እንዳሠራው ይመዝግብ። ከዚያ ወደ ሱቁ ገብቶ ባለቤቱን ይጠይቅ፦ "ጋሼ፣ ይህን ሲያሠሩ ማን ያነበዋል ብለው ነው?" የዚህ መልስ በፎቶው ላይ የለም፤ መጠየቅ ያለበትም በባለቤቱ ቋንቋ ነው።