ከማርሴይ እስከ ኮንጋ፦ የመንገደኛ ወሬ ማን ደጃፍ ይደርሳል?

ዛሬ አንድ ቡድን ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲነሣ ከሻንጣው በፊት የሚዘጋጀው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ገና ከቦሌ ሳይነሡ ፎቶ ይለጠፋል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ «በሰላም ገባን» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሆቴሉ ቁርስ፣ ከሐውልቱ ሥር የተነሡት ፎቶ፣ ከገበያ የተገዛው ጫማ ነው። ወዳጅ ዘመድም «መልካም ቆይታ» እያለ ከኋላ ይከተላል።

ነገሩ ስልክ ያመጣው ይመስላል። አይደለም። በቡድን ወጥቶ ለአገር ቤት ወሬ መላክ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። አብሮት የቆየ ጥያቄም አለ፦ ወሬው የሚላከው ለማን ነው? መንገደኛው ስላየው ነገርና ስለተደረገለት አቀባበል ብዙ ይነገራል። የተሄደበት ጉዳይ የት እንደደረሰ የሚናገረውስ ማን ነው?

ይህን ለማየት የ1916ቱን ጉዞ ያህል የሚያግዝ የለም።

ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ራስ ናደው፣ ሌሎችም መኳንንት ተከትለዋቸዋል። በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አሉበት። አንበሶችም በስጦታ ተጭነዋል። መንገዱ በኢየሩሳሌምና በግብፅ አድርጎ ማርሴይ ደረሰ። ከዚያ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ለንደን፣ ጄኔቫ፣ አቴንስ እያለ አራት ወር ተኩል ያህል ፈጅቶ፣ ነሐሴ 29 ቀን አዲስ አበባ ላይ አበቃ።

የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ጉዞ ላይ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር የተጓዦቹን ማንነት ነው። ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩም አብረው የሄዱት ለክብር ብቻ አልነበረም። አልጋ ወራሹ ባሕር ማዶ ሳሉ የጎጃምና የትግራይ ባላባት ከነጦሩ እቤቱ ቢቀመጥ ምን ሊያስብ እንደሚችል ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ ወዳጅም ይሁን ተቀናቃኝ፣ የሚያሰጋው ሰው ከዐይን እንዳይርቅ አብሮ ተወሰደ። የጉብኝት ቡድን የሚመስለው ነገር ግማሹ የጥበቃ ሥራ ነበር።

ሁሉም ግን አልተወሰዱም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ቀሩ። በደቡብም የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ግዛታቸው ላይ ነበሩ። ለኮንጋ ሰው ወሳኙ ስም ይህ የመጨረሻው ነው።

ኮንጋ ዛሬ በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ይርጋጨፌ ወረዳ ውስጥ ያለች የቡና ቀበሌ ናት። ያኔ አካባቢው ደራሳ ተብሎ በሲዳሞ ሥር ይገዛ ነበር። ገበሬው ገባር ነው። ለገዥው፣ ለወታደሩና ለመልከኛው ከእህሉ፣ ከማሩ፣ ከቡናው ይሰጣል፤ ጉልበቱንም ይጨምራል። የባልቻ ሀብትና ኃይል ከዚህ መሬት የወጣ ነበር፤ ቡናውም በዚያ ሀብት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የደቡቡ ቡና በከብት ጀርባ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ወደ አውሮፓ ይሻገራል። መኳንንቱ የሄዱበት ሐዲድና የሄዱበት ወደብ ማለት ነው። የዚህ አገር ቡና ከነጌቶቹ ቀድሞ የማርሴይን መንገድ ያውቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ከዚያ ጉዞ ወደ ኮንጋ ምን ወሬ ተመለሰ?

መጀመሪያ የአውሮፓን እንመልከት። ልዑሉ ከባቡር ሲወርዱ ፎቶ አንሺው ቆሞ ይጠብቃል። ካባቸው፣ ባርኔጣቸው፣ የመኳንንቱ ግርማ፣ አንበሶቹ ሁሉ በጋዜጣ ወጡ። የፓሪስ ወይም የለንደን ሠራተኛ ቁርሱን እየበላ የኢትዮጵያን መኳንንት በፎቶ ያይ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ቴሌግራም ነበራት። ፖስታም ነበራት፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም በዚያ ክረምት በአማርኛ ወሬውን ለሕዝብ የሚያደርስ ብርቱ ጋዜጣ አልነበረም። «ብርሃንና ሰላም» መታተም የጀመረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1917 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከመንገድ የሚላከው ቃል መድረሻው ቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱ ግቢና የነጋዴዎቹ ሰፈር ነበር። ሲዳሞ ቢደርስ እንኳ ከገዥው አዳራሽ ወጥቶ እንሰት ሥር ቡና ለሚለቅም ገባር የሚነገርበት ምክንያት አልነበረም። ግብር የሚያመጣ ሰው ግብሩ ስለሄደበት አገር ይጠይቅ ዘንድ ማን ፈቀደለት?

ለሕዝብ የቀረበው ትረካ በኋላ መጣ። ኅሩይ የመንገዱን አኳኋን ጽፈው «ደስታና ክብር» በሚል ርዕስ አሳተሙ። ኅሩይ ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበሩም። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሄደዋል፤ በኋላም ጃፓንን አይተው ሌላ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከአገሪቱ መንገደኞች ሁሉ «ያየሁትን ለወገኔ ላካፍል» በማለት እሳቸውን የሚያህል በዘመናቸው አይገኝም። በዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የመጽሐፉ ርዕስ ብዙ ይናገራል። ደስታም ነበረ፤ ክብርም ነበረ። ካምብሪጅ ለልዑሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ንጉሥ ጆርጅ ከመቅደላ የተዘረፈ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ እንዲመለስ ፈቀዱ። ይህ ሁሉ ለወዳጅ የሚነገር ደስ የሚል ወሬ ነው።

ያልተሳካው ደግሞ የባሕር በር ነው። ልዑሉ በኋላ በግለ ታሪካቸው የባሕር በር ማግኘትን ከጉዞው ዓላማዎች አንዱ አድርገው ጽፈውታል። ከፈረንሳይም ከጣሊያንም ጋር ተነጋገሩ፤ ወደብ ሳይዙ ተመለሱ። ዛሬ የወደብ ጉዳይ በየሳምንቱ በሚነሣበት ዘመን ላይ ላለ አንባቢ ይህ ብዙ አያስደንቅም። የሚገርመው ይህ ነው፦ የዚያ ድርድር ውጤት ቀጥታ ከሚነካቸው ሰዎች አንዱ ቡናው በጅቡቲ በኩል የሚወጣበት የጌዴኦ ገበሬ ነበር። ወደቡና ሐዲዱ በሰው እጅ እስካሉ ድረስ የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ ሁሉ መጨረሻ የሚያርፈው ለገበሬው በሚቆረጠው ዋጋ ላይ ነው። ከዚያ ጉዞ አንድ ወሬ ብቻ ሊነገረው የሚገባ ቢሆን ኖሮ ይህ ነበር።

ለተራው ሰው ጆሮ ቶሎ የደረሰው የጉዞው ፍሬ፣ እንደ ቀልድ፣ ሙዚቃ ሆነ። ኢየሩሳሌም ላይ ልዑሉ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» የተባለው የነሐስ ባንድ ከዚያ ተወለደ። መሪው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከአውሮፓ የመጣውን ወሬ ያላነበበ አዲስ አበቤ ከኢየሩሳሌም የመጣውን መለከት ሰማ።

የመንገደኛ ወሬ ከመኳንንቱ መካከልም ሊሰወር እንደሚችል ግን ከዚያ ሠላሳ አምስት ዓመት ቀድሞ ታይቷል። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የተፈሪ አባት ደጃዝማች መኮንን መልእክተኞች ይዘው ጣሊያን ሄዱ። አቀባበሉ ደመቀ፤ ጉብኝቱ በዛ፤ መስከረም 1882 ላይ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። መልእክተኞቹ ገና ጣሊያን ሳሉ በጥቅምት ወር የክሪስፒ መንግሥት ለአውሮፓ ኃያላን፣ በ17ኛው አንቀጽ መሠረት ኢትዮጵያ በጣሊያን በኩል ብቻ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ትገናኛለች ብሎ አስታወቀ። እንግዶቹ የሚታዩት ፋብሪካና ሰልፍ ነበር። ከጎናቸው ባለው ቢሮ የተጻፈው ደብዳቤ አልታያቸውም። ምኒልክ ነገሩ የገባቸው ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ከንግሥት ቪክቶሪያ መልስ ሲመጣላቸው ነው። የዚህ መዘግየት ዋጋ በመጨረሻ ዐድዋ ላይ ተከፈለ።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ሥልጣናቸውን አጡ፤ ሲዳሞ ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ለገባሩ የተለወጠው የጌታው ስም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶቹ ላይ ሲነሡ ጭቅጭቁ ያው የቡናው ፍሬ የማን ነው የሚል ነበር። መሬቱ ለአራሹ የሆነው በ1967 ነው።

የመንገደኛ ወሬ ለገበሬው ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳየ አንድ ፊልም አለ። በ1998 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ብላክ ጎልድ» የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ታደሰ መስቀላን ይከተላል። ታደሰ ገዥ ፍለጋ ውጭ አገር ይዞራሉ፣ የሱቅ መደርደሪያ ይፈትሻሉ። ከዚያ ገበሬዎቹ ዘንድ ሄደው አንድ ስኒ ቡና በባዕድ አገር ስንት እንደሚሸጥ ይነግሯቸዋል። የገበሬዎቹ ፊት ላይ የሚታየውን መደነቅ ፊልሙን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ይህ የሐውልት ሥር ፎቶ አይደለም። ወሬው ከነገሩት በኋላ ሰሚው ለኪሎ ስለሚከፈለው ዋጋ እንደ ድሮው ማሰብ የማይችልበት ዓይነት ወሬ ነው። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ስትሟገት ነበር፤ ስምምነት የተደረሰው በ1999 ዓ.ም. ነው።

አሁን መንገዱ በሁለቱም ወገን ክፍት ነው። የውጭ ቡና ገዥዎች በቡድን ይመጣሉ። ኮንጋ ላይ ቀዩን እሸት፣ የማድረቂያውን አልጋ፣ የሚለቅሙትን ሴቶች ያነሣሉ፤ ፎቶው ሰዎቹ ወደ ሆቴል ሳይመለሱ ወዳጆቻቸው ዘንድ ይደርሳል። ኮንጋ የሚለው ስም በውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይነበባል። ፎቶ የተነሣችው ሴት ግን ፎቶውንም፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋም ላታየው ትችላለች።

ከዚህ የሄዱትም አሉ። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሪያድ ላይ ተሰብስቦ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና ያለበት፣ ትክል ድንጋይና ጥብቅ ደን የሞላበት መሬት ነው የተመዘገበው። ደስታው በዚያው ዕለት በፌስቡክና በቴሌግራም ተሰራጨ። ደስታው ተገቢ ነበር፤ የሚያኮራም ነው። ሆኖም እዚያ መሬት ላይ የሚኖር ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ከእንግዲህ ዛፍ ስቆርጥ፣ ቤት ስሠራ፣ ለልጄ መሬት ስከፍል ምን ይለወጥብኛል? በሶንጎ ተቀምጦ መነጋገርን ለሚያውቅ ሕዝብ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ፖስተር ለዚህ መልስ አይሆንም።

ይበልጥ አስቸኳዩ ወሬ ደግሞ ከብራስልስ ነው የሚመጣው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከፈረንጆቹ 2020 ማብቂያ በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። የሚገባውም ቡና የበቀለበት ማሳ የት እንዳለ በመጋጠሚያ ነጥብ መታወቅ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አልተሻረም። የመንግሥትም የላኪም ቡድን በዚህ ጉዳይ አውሮፓ ይመላለሳል። የጌዴኦ ገበሬ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና በማብቀል ዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበለት ሰው ነው፤ ይህን ሕግ ለማሟላት ከእሱ የሚቀርብ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ማሳው ግን ትንሽ ነው፤ ካርታውም በእጁ የለም። በሕጉ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ ዙሪያውን መለካት ግዴታ አይደለም፤ አንድ ነጥብ ይበቃል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብራስልስ ወደ ኮንጋ ለማድረስ በስልክ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት፣ ያውም በጌዴኡፋ፣ ይበቃል።