«አቤት!» ያለው ማነው?

ሰሞኑን መርካቶ በርበሬ በረንዳ ጎራ ብዬ ነበር። ቅመም የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ ሞባይሏን አሳየችኝ። «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልገባም» ይላል መልእክቱ። የላከው የተማሪዎችን አሻራ የሚያነበው ማሽን ነው። «ጋሼ፣ እኔ ሱቅ ጥዬ የት ልፈልገው?» አለችኝ።

መቼም ከትምህርት መቅረት አዲስ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ሁሉም ጮክ ብሎ ስለሚያነብ፣ የኔታ አንድ ድምፅ ሲጎድል ያውቃሉ። ጓደኞቹ ይላኩና ቀሪውን ከቤቱ አንጠልጥለው ያመጡታል። አለንጋውም ይጠብቀዋል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዘመናዊው ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ ደወል፣ ሰልፍና ስም መጥሪያ የተማሪ ሕይወት ሆኑ። ስም ጥሪ ግን ቀዳዳ ነበረው። መምህሩ ቀና ሳይሉ ሲጠሩ፣ ፑል ቤት ለቀረው ጓደኛችን «አቤት!» የምንለው እኛ ነበርን። ማሽኑ ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ድምፅ ይዋሳል፤ ጣት አይዋስም።

አለንጋውንም ሕግ አስቀርቶታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። እሰየው ነው። ታዲያ ልጅን በምን እናርመው ሲባል፣ አንዳንዱ «በማሽን» ይላል።

መርካቶ ላይ ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደዚህ ካዞረው ወዲህ፣ እዚህ የሚያድግ ልጅ ከደብተሩ ጋር የቤቱንም ሥራ ይሸከማል። ለአንዳንዱ መቅረት ብልግና ሳይሆን እራት ነው። የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀምር የነካው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የተራበ ልጅ በቁጥጥር ብቻ አይማርም።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። ልጁን ያገኘው ዩኒፎርሙን ያወቀ የሰፈር ተሸካሚ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካለ ጌም ቤት እጁን ይዞ አመጣው። እናቱ ልትቆጣ ተነሥታ፣ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ «ለምን ቀረህ?» ብላ ጠየቀችው።

«አረፈድኩ። ማሽኑ አርፋጅ ብሎ ከሚጽፈኝ ብዬ ነው።»

«ለምን አረፈድክ?»

ልጁ ዝም አለ። ከአጠገቧ ያለውን የበርበሬ ጆንያ ብቻ አየ። ጠዋት እዚያ ያደረሱት አብረው ተሸክመው ነው።

ማሽኑ መቅረቱን በደቂቃ ነግሯታል፤ ይመስገን። «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ግን ዛሬም የሰው ሥራ ነው።