ኼል፦ እንግዳው ቤተኛ የሆነባት ከተማ

ቤልጂየም ውስጥ ኼል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ታሪክ አስተምር በነበረበት ጊዜ ስለሷ ሳላነሳ ማለፌ ዛሬም ይቆጨኛል። እነሆ ዕዳዬን ልክፈል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ቅድስት ዲምፍና የአእምሮ ሕሙማን ጠባቂ ናት ተብሎ ስለሚታመን፣ በመካከለኛው ዘመን ሰው የታመመበትን ዘመድ ይዞ ወደ ኼል ይጎርፍ ነበር። ከሚመጡት መካከል ዛሬ "የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው" የምንላቸውም ነበሩ። የዘጠኝ ቀን ጸሎት የሚያደርሱበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የተያያዘ ማረፊያ ነበረ። እሱ ሲሞላ የከተማው ሰው በሩን ከፈተ። ለአንዳንዱ ዘጠኙ ቀን ዕድሜ ልክ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1850 መንግሥት ሥራውን ተረከበ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በየቤቱ የሚኖሩት እንግዶች ከ3,700 በላይ ደርሰው ነበር።

ገነት ግን አናድርጋት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እግር ብረት የታሰሩ ነበሩ። ገበሬው ጉልበት ይፈልጋል፤ ለማስተናገጃ የሚከፈለው ገንዘብም ትንሽ ቢሆን ለድሃ ቤት ድጎማ ነው። ታዲያ ወዳጅነቱ ከየት መጣ?

እኔ እንደሚገባኝ፣ ከጊዜ ነው። አብሮ እርሻ ይወረዳል፣ አብሮ ይበላል። ለቤተሰቡ የሕመሙ ስም አይነገረውም ነበር፤ ስለዚህ የሚያውቀው ሰውዬውን ነው፦ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው። የቤቱ ልጅ ከእንግዳው ጋር ያድጋል። እናት አባት ሲያልፉ ደግሞ ልጅየው "እኔ ጋ ና" ይለዋል። በአንድ ቤተሰብ ከ50 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ይሄ እንግዳ አይባልም፤ ቤተኛ ነው።

ዛሬ እርሻው ቀንሷል፣ ባልም ሚስትም ውጭ ሠራተኛ ናቸው፤ እንግዳ የሚቀበል ቤት እያነሰ ሄዷል። በ2023 ዩኔስኮ ልማዱን በመልካም ተሞክሮነት መዝግቦታል። ደስ ይላል። ግን መዝገብ ቡና አብሮ አይጠጣም።

ኼሎች ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም ወዳጅ ያፈሩት፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለዋሉ ስላደሩ ነው። እኛስ? በሰፈራችሁ "እሱ እኮ አይገባውም" ተብሎ ጓዳ የሚውል ልጅ ካለ፣ ስሙን ታውቁታላችሁ? ካወቃችሁት፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብራችሁት የተቀመጣችሁት መቼ ነው?