የታመሙ ወላጆችን ወደ እንግሊዝ አገር ስለማምጣት፤ ሕጉ ምን ይጠይቃል?

በስደት ዓለም ስንኖር ሁላችንም የምንፈራው የስልክ ጥሪ አለ። «እናትህ ወድቀው ተሰበሩ» ወይም «አባትሽ ሰው መለየት አቃታቸው» የሚል። ወደ አገሩ ተመልሶ ማስታመም ለማይችለው የፖለቲካ ስደተኛ ጭንቁ እጥፍ ድርብ ነው። እንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ወላጅን ማምጣት የሚያስችል ሕግ አለ፤ በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነሣሣኝ የአንድ ወዳጄ ጉዳይ ነው። የእናቱ ማመልከቻ ውድቅ ሆነ፤ ማስረጃ አሟልቶ እንደገና ሊያመለክት ሲዘጋጅ እናቱ አረፉ። ሌላው ወገን ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ የማውቀውን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 2012 ድረስ ዕድሜያቸው 65 የሞላና በልጃቸው ድጋፍ የሚተዳደሩ፣ በአገራቸውም ሌላ የሚጦራቸው የቅርብ ዘመድ የሌላቸው ወላጆች መምጣት ይችሉ ነበር። ከጁላይ 9 ቀን 2012 ጀምሮ ግን ዕድሜና ድህነት ብቻቸውን አይበቁም። ልጁ የብሪታንያ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ አለዚያም የጥገኝነት ከለላ የተሰጠው መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ዋናዎቹ መመዘኛዎች የሚከተሉት ናቸው፤

አንደኛ፣ ወላጁ በእርጅና፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የዕለት ተዕለት ኑሮውን፣ ማለትም መታጠብን፣ መልበስንና ምግብ ማብሰልን፣ ያለ ሰው እርዳታ ማከናወን የማይችልና ለረጅም ጊዜ ተንከባካቢ የሚያስፈልገው መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ልጁ ገንዘብ ቢልክም እንኳ የሚያስፈልገው እንክብካቤ በአገር ቤት አለመገኘቱ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ ልጁ ወላጁን ያለ መንግሥት ድጎማ አስጠልሎና ተንከባክቦ ለማኖር መቻል አለበት፤ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነም ለ5 ዓመት የግዴታ ውል ይፈርማል።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛው ላይ ነው። እኛ በየወሩ የላክነውን የሐዋላ ደረሰኝ ቆልለን ስናቀርብ ጉዳያችንን ያጠናከርን ይመስለናል። ሹሙ ግን «ይህን ያህል ገንዘብ ከላክህ ሠራተኛ ወይም ነርስ መቅጠር ትችላለህ» ይላል። መመሪያው ተንከባካቢ ሊሆን የሚችለውን ሲዘረዝር የቅርብ ዘመድን ብቻ ሳይሆን የቤት ሠራተኛን፣ ነርስንና የአረጋውያን መጦሪያንም ይጨምራል። ስለዚህ ፍቅራችንንና ልግስናችንን ሳይሆን ገንዘባችን ሊገዛው ያልቻለውን ነገር ማስረዳት አለብን።

የሐኪም ደብዳቤ «ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው» ብሎ ቢያበቃ ዋጋ የለውም። የወዳጄ የመጀመሪያ ማመልከቻ የወደቀው እንዲህ ባለ ደብዳቤ ነው። ሐኪሙ በሽተኛዋ ምን ማድረግ እንደማይችሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን ዓይነት እርዳታ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው በዝርዝር ይጻፍ። እንክብካቤው አለመገኘቱን የጤና ባለሥልጣን፣ የአካባቢ አስተዳደር ወይም የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ቀድሞ ተንከባካቢ ከነበረና ከቀረ ለምን እንደቀረ፣ የተከፈለውም ክፍያ ከነማስረጃው ይቅረብ። አገር ቤት የቀሩ ወንድሞችና እህቶች ካሉ ለምን ማስታመም እንዳልቻሉ ይገለጽ። ልጁ ስደተኛ ከሆነ ተመልሶ ማስታመም የማይችልበት ምክንያትም መነገር አለበት።

በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ብሪትሲትስ በተባለው ማኅበር ክስ ላይ ሕጉን አጽንቷል። ሆኖም እንክብካቤው ለታማሚው ለራሱም ተገቢ መሆን እንዳለበት፣ በባለሙያ የተረጋገጠ የስሜትና የአእምሮ ፍላጎትም ከግምት እንደሚገባ ገልጿል። እናት የሠራተኛዋን እጅ የማይቀበሉ፣ ልጃቸውን ብቻ የሚለዩ ከሆነ ይህ በአእምሮ ሐኪም ቢጻፍ ይጠቅማል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ልጨምር። ማመልከቻው የሚቀርበው ከእንግሊዝ አገር ውጭ ሆኖ ነው። ወላጅን በጉብኝት ቪዛ አምጥቶ እዚያው ለማስቀረት ማሰብ ታማሚውን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ሊያስቀር ይችላል። ሌላው ወጪው ነው፤ የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲሆን ቢወድቅም አይመለስም። ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው የሳምባ ነቀርሳ ምርመራም ያስፈልገዋል።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8፣ በቤተሰብ ሕይወት መብት፣ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከውጭ አገር ለሚጠይቅ ቀነ ገደቡ ውሳኔው ከደረሰው በኋላ 28 ቀን ነው። ስለሆነም በኢሚግሬሽን ሕግ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ከመጀመሪያው ማማከር ይበጃል።

ወገኖቼ፣ ወላጆቻችን ስልክ ላይ «ደኅና ነኝ፣ አታስቡ» ማለት ልማዳቸው ነው። ሰምተን ዝም አንበል። ዛሬውኑ የሐኪም ማስረጃ ማሰባሰብ እንጀምር፤ ሕመሙ ጊዜ አይሰጥምና።

ቸር ወሬ ያሰማን።