ያለ መድፍ የተደረገ ከበባ፤ ጎጃም በ1933 ዓ.ም.

በጥንት ሮማውያን ዘንድ ከበባ የአካፋና የዶማ ሥራ ነበረ። ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ዓመት አሌሲያን በከበበ ጊዜ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ምሽግ ዙሪያዋን አሠራ፤ ከውጭ የሚመጣውን ረዳት ጦር ለመከልከልም ሌላ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ጨመረ። ይህም የተቻለው በመሐላ የታሰረና ደመወዝ የሚቆረጥለት ጭፍራ ስለ ነበረው ነው። እኛ የምንመረምረው ግን ደመወዝም መድፍም የሌለው ጦር የተመሸገ ጠላትን እንዴት እንዳስለቀቀ ነው።

በጎጃም በ1930 ዓ.ም. ሕዝቡ በኢጣልያ ላይ ሲነሣ ጦሩን የሰበሰበው መዝገብ ሳይሆን ዝምድናና ያገር ፍቅር ነው። እነ መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህ፥ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ እያንዳንዳቸው በየወረዳቸው ተከታይ አፈሩ። ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነበረ። ጠላት ከተማውን ቢይዝም ገጠሩ ከእጁ ወጣ፤ ከበባው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት እንችላለን።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ከገቡ በኋላ የዊንጌት ጦር ተጨመረ። ቁጥሩ 2,000 ያህል ሲሆን፥ አንደኛው ሻለቃ በኬንያ ከነበሩ ስደተኞች የተመለመለ ነበር። በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ደምበጫ አጠገብ ከስደተኞቹ ሻለቃ ጋር ገጥሞ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ቀድሞ መንቆረር የምትባለው ደብረ ማርቆስ መጋቢት 26 ቀን ተለቀቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ28 ገቡባት።

ይሁን እንጂ ከበባው ቀዳዳ ነበረው። ጠላት ሲሸሽ የዓባይን መሻገሪያ በላይ ዘለቀ ይዘጋዋል ተብሎ ሲጠበቅ ሳይዘጋ ቀረ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህን የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ማግባቢያ ያመጣው ነው ይላሉ። ያመለጠውም ጦር እስከ ግንቦት 15 ቀን እጁን አልሰጠም።

ስለዚህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የቄሣር ቅጥር ከአፈርና ከእንጨት የተሠራ ስለ ሆነ አይማለልም፤ የጎጃም ቅጥር ግን ሰው ነው፤ የሰው ልብ በጸና ጊዜ ይጸናል፥ በላላም ጊዜ ይከፈታል። ድሉን ለዊንጌት ብልሃት ብቻ የሚሰጡ ጽሑፎች፥ የእርሱ ጥቂት ሰዎች የገፉት በር ሦስት ዓመት ሙሉ በገበሬው ክንድ ሲነቀነቅ የቆየ መሆኑን ሊዘነጉት አይገባም።