ሊብሬ፣ ታርጋ እና የሚዛን ተፈሪ አሮጌ መኪኖች

የታርጋ ኮድ የሚነግረን መኪናው የማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ነው። 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት፤ ዕድሜውን የሚናገር ኮድ የለም። በጀርመን ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና ታርጋው ላይ ልዩ ፊደል ይጨመርለታል፣ ግብሩም ይቀልለታል። እኛ ዘንድ የ1950ዎቹ ቮልስ ከትናንት ወዲያ ከገባ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ታርጋ ለጥፎ ይሄዳል።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለውን፣ ጀርመናዊው ሆልትዝ ደግሞ ናክ የተባለውን ለዳግማዊ ምኒልክ አምጥተዋል። ለኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣው ደንብ ቁጥር 360/1961 ነው። ተሽከርካሪን መለየት፣ መመርመርና መመዝገብ በዚህ ደንብ ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተተካ። በመካከል ያለው 41 ዓመት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል።

ደንቡ በወጣበት ዘመን ሚዛን ተፈሪ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስትሆን የግዛቱ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ቅርብ ጎረቤቷ ቴፒ ግን የምትተዳደረው በኢሉባቦር በኩል ነበር። በኋላ ሁለቱም በደቡብ ክልል ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ወደ ሐዋሳ አዞሩ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሚዛን ተፈሪን ያቀፈችው ሚዛን አማንና ቴፒ ራሳቸው ከክልሉ መቀመጫዎች መካከል ሆኑ። ከሚዛን ጭቃ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ላንድሮቨር እዚያው በቆመበት ከጅማ ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ወደ አዲሱ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ወደ ቦንጋ ተሻግሯል ማለት ነው። በዚህ አገር መንገድ የስፖርት መኪና ፍለጋ መውጣት ጊዜ ማጥፋት ስለሆነ፣ የአካባቢው ጥንታዊ መኪና ይኸው የሥራ መኪና ነው ብዬ ይዣለሁ።

ሥራው ቡና ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ትልልቅ እርሻዎችን ከግል ባለቤቶች እጅ አወጣ። ከሚዛን ደቡብ ምዕራብ ያለው፣ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሰፋው የበበቃ ቡና እርሻ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ገደማ የግል ኩባንያ ወደሆነው ሆራይዘን ፕላንቴሽን ተላለፈ። እንዲህ ያለ ዝውውር ሲኖር የመኪናው ኮድም ከ4 ወደ 3 መዞር አለበት። ሞተሩ ያው፣ ሻንሲው ያው።

መንግሥት የመኪናን ዕድሜ ጨርሶ አይቆጥርም ማለቴ ግን አይደለም። ሲቀርጥ ይቆጥራል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለን አውቶሞቢል እስከ 500 በመቶ አስከፈለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ። አሮጌ የቤንዚን አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ አገር ውስጥ ካለው መግዛት ብቻ ሆነ። ዕድሜ ክብር የሚያገኘው በሙዚየም ነው፤ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ቅንጡ መኪኖች በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይጎበኛሉ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት ግን ከእነዚህ በአንዱ አልነበረም፤ በቮልስ ነበር።

ሚዛን ላይ አሮጌ ላንድሮቨር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬውን ነው። መርማሪው ከፊት በቀኝ በኩል፣ ባሌስትራው ከሚታሰርበት አጠገብ ተንበርክኮ ዝገቱን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ይጠርግና የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። አንድ አኃዝ ከተበላ ጉዳዩ ይንጓተታል። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ ብዙ ጊዜ የስሙ ነገር ይቀራል። አሮጌ መኪና ስም ሳይዞር በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖርና ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ሞቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ውክልናው ዋጋ የለውም። ልጆቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት፣ ሁሉም መስማማት፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ቀርበው መፈረም አለባቸው። ይህ እስኪያልቅ መኪናው ቦሎ ሳይለጥፍ ግቢ ውስጥ ይቆማል።